በአንድ ሊትር አሥራ አንድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ በእጄ የወጣ ጽሑፍ ቢኖር አጎቴ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት «ማጨስ ክልክል ነው» እና አሁን የማወራላችሁ የቁጥር ደብተር ብቻ ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለማይሆንልኝ፣ ከጉዞው ስመለስ «እንዴት ነበር?» ላሉኝ ሁሉ «ደህና ነበር» ብዬ አለፍኩ። ደህና አልነበረም። ካቺሲ የምትባለውን ከተማ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ የሆነውን በየቀኑ እንዳየሁት አስቀምጣለሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

አጎቴ ደረጄ አምቦ ውስጥ መካኒክ ነው። አሮጌ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ ቀለም ቀብቶ ይሸጣል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። የምበላውም የምተኛውም እሱ ቤት ነው። አንድ ጊዜ ጥቁር የቤት መኪና ይዞ መጣ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት፤ ማርሿ በራሱ ይቀያየራል፣ ወንበሯ ቆዳ ነው፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ቁም ሣጥን ድም ይላል። በዘመኗ ትልቅ ሰው ተቀምጦባታል። ቤንዚን ግን እንደ ውሃ ትጠጣለች። የሰፈራችን ባለ ባጃጆች ሲያዩን «ደሬ፣ ማደያውን ከኋላ አስረህ አትጎትትም?» ይሉት ነበር። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት፣ ወረፋው ሲደርስ ደግሞ «አልቋል» በሚባልበት ሰሞን እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ጠፋ። ስምንት ወር ሸራ ለብሳ ቆመች።

ከዚያ ከካቺሲ ስልክ ተደወለ። ኦቦ ቶሌራ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ስላለ መቀመጥ አይችሉም፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ፣ አዴ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ሚኒባስ ተጋድሞ የሚሄድ ሰው አይጭንም። አምቦ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሐኪም አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አክሞ ይመለሳል። ሦስት ቀጠሮ አምልጧቸዋል። ስለዚህ ከብቶቻቸውን ሸጡ፣ የባሕር ዛፋቸውን አስቆረጡ፤ የኋላ ወንበሯ ሰው የሚያስተኛ፣ ጉድጓድ ላይ የማትዘል መኪና ፈለጉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በአንድ ሊትር ስንት ትሄዳለች?» ወደ እነሱ ቤንዚን የሚደርሰው በጄሪካንና በውሃ ፕላስቲክ ነው። ይህን ሳያውቁ ቢገዙ ሚስታቸውን ምን ያህል ጊዜ ሐኪም ዘንድ ማድረስ እንደሚችሉ አያውቁም።

አጎቴ «መጥቼ በጽሑፍ አሳይዎታለሁ» አላቸው። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሜቲ፣ ደብተር ግዢ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ ብናገር ነጋዴ ነው ይሉኛል። አፍ የሌላትን ልጅ ግን ሰው ያምናል።»

ሐሙስ

ከአምቦ የወጣነው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። አጎቴ የኋላ ሣጥኗ ውስጥ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካኖች ደርድሯል። የነዳጅ መጠን የሚያሳየው መርፌ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ የልኬቱ መንገድ እንዲህ ነበር። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ባዶ ይሆናል፣ አምስት ሊትር ይጨመራል፣ እስክትጠፋ ይነዳል። ስትጠፋ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቼ እጽፋለሁ። ከዚያ እንደገና አምስት ሊትር።

መኪና እስክትሞት መጠበቅ ደስ አይልም። መጀመሪያ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ዝም። አስፋልቱ ላይ ጊንጪ ሳንደርስ ዳር ይዛ ቆመች። «ስንት?» አለኝ። «ሠላሳ ሦስት።» በልቡ አካፈለና ምራቁን ተፋ። ስድስት ከምናምን መሆኑ ነው። ጄሪካኑን ሲገለብጥ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ማታ ቤንዚን ቤንዚን ሸተትኩ። ጊንጪ ምሳ የበላንበት ቤት አጠገቤ ሲጋራ ያወጣው ሰው አየኝ፣ አሸተተኝ፣ ተነስቶ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ አስፋልቱ ያልቅና ዳገቱ ይጀምራል። አምቦ ቆላ አይደለም፤ ግን ማታ ደጅ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ይቻላል። ዳገቱ የሚያወጣው የጄልዱ አገር እንደዚያ አይደለም። ገብስና ድንች፣ ከዚያ ደመና፣ ከዚያ እንደገና ድንች። ሰዉ ሁሉ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ድምጿ ተለወጠ። ወንበሩ አሁንም እንደ ፍራሽ ነው፤ ግን ከሥሩ የሆነ ነገር ያለማቋረጥ ሲጎረጉር ይሰማኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ጠፋች። አሥራ ዘጠኝ ለአምስት ሲካፈል አራት አይሞላም።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

ወርዶ የኋላ ሣጥኗን ከፈተ። በረዶ ቀላቅሎ መዝነብ ጀመረ። ጄሪካኑን እሱ ሲገለብጥ እኔ ሸራ ያዝኩለት።

ጎጆ የምትባለው ከተማ ያደርነው አንዲት መበለት በምታከራየው ቤት ነው። አልጋው ጥሩ ነበር፤ ብርዱ ግን በግድግዳው ይገባል። ሴትየዋ ገና እንዳየችኝ አፍንጫዋን ያዘችና «ልጄ፣ እሳት አጠገብ እንዳትቀመጪ፣ ትነጂያለሽ!» ብላ ሳቀች። የራሷን ቀሚስ አምጥታ አለበሰችኝ። የእኔን በዚያ ብርድ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥባ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ራት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበች። አምቦ ድንች የወጥ ማብዣ ነው። እዚያ ግን ራሱን ችሎ ምግብ ነው፤ ሲላጥ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ጠዋት አጎቴ የቀሚሱን አጠባ ሊከፍላት ሲል «እናት የሌላት ልጅ ልብስ ታጥቦ ይከፈላል?» አለችው። እናት እንደሌለኝ አልነገርኳትም። በምን እንዳወቀች አላውቅም።

ዓርብ

ከጎጆ ወደ ካቺሲ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ቢወጣም የሚበዛው ቁልቁለት ነው። አጎቴ ከትናንት የተረፈውን ቀድቶ አወጣና አምስት ሊትር ጨመረ፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ሲደርስ ማርሹን ፍሪ አደረገና ሞተሩን አጠፋው።

የጭነት መኪና ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ እንዲህ ያደርጋሉ። ይህች ግን የጭነት መኪና አይደለችም። ሞተሯ ሲጠፋ መሪዋ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍሬኗም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። አጎቴ መሪውን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ ተክሎ ወረደ። በዝምታ ነበር የምንወርደው። የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት በቅሎ የሚስብ ሰው መጣ። አጎቴ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሰውየው በቅሎዋን ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ተለጠፈ። ካለፍን በኋላ ዞሬ ሳየው እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል። አጎቴን አየሁት። ላብ አጥምቆታል።

በዚያ አምስት ሊትር ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄድን።

ስትቆም አጎቴ ደብተሩን ተቀበለኝ። ሠላሳ ሦስትና አሥራ ዘጠኝ የተጻፈበትን ገጽ ከሥሩ ቀደደው። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ለካና መለኪያውን በዚያው ወረቀት ጠርጎ ወረወረው። ከዚያ ደብተሩን መለሰልኝ።

«አዲስ ገጽ ላይ ጻፊ። አምስት ሊትር፣ ሃምሳ ስድስት። ከሥሩ፣ በአንድ ሊትር አሥራ አንድ። በትልቁ።»

«ጋሼ፣ ሲመለሱ ግን ዳገት ነው።»

«መሬቱን እኔ አልሠራሁት» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ስምንት ወር ነው የቆመችው፣ ሜቲ። ስምንት ወር የበላነውን አንቺም በልተሻል» አለኝ።

ጻፍኩት። በትልቁ።

ካቺሲ ከአምቦ ታንሳለች፤ ባጃጅ እምብዛም አይታይም፣ በቅሎና ፈረስ ግን ሞልቷል። ኦቦ ቶሌራ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ በእግራቸው እየመሩ አስገቡን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ ግን ዓርብ መሆኑን አስበው ለእኛ ብለው የጾም ሠርተዋል። ሽሮ፣ ጎመን፣ ለብቻው ደግሞ ማር። ኦቦ ቶሌራ ራሳቸው ማስታጠቢያ ይዘው አጠገቤ ጎንበስ ሲሉ ደነገጥኩ። አምቦ አንድ ሽማግሌ ለእኔ ቢጤ ውሃ ያፈሳል ማለት ዘበት ነው። «ታጠቢ፣ ኢንተሎ» አሉኝ፤ ኢንተሎ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው።

ከምሳ በኋላ አዴ ጫልቱን በቃሬዛ አውጥተው የኋላው ወንበር ላይ አስተኟቸው፤ ለሙከራ። ጎረቤት ተሰብስቧል። እሳቸው ቆዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጎናቸውን አመቻቹ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ኦቦ ቶሌራ «በቃ፣ እናውጣሽ» ሲሏቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተወኝ። ይህ ወንበር ካንተ ይሻላል፤ አያንኮራፋም» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ቶሌራ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ከዚያ ዞር ብለው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ደብተሩን አጎቴ ሰጣቸው። አገላበጡት። አጎቴን አልጠየቁትም፤ ወደ እኔ ነው የመጡት።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ቆጣሪውን በዓይንሽ አይተሽ?»

«አዎ።»

ሁለቱም እውነት ነበር። ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። «ይቺ ልጅ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷን እዩት፣ ሰላምታ እንኳ ይከብዳታል» አሉ ለጎረቤቶቻቸው። ባንክ ሳይዘጋ ከአጎቴ ጋር ሄደው ብሩን በሙሉ አስገቡለት።

አጎቴ ሐሳቡ ብሩን ተቀብሎ ቅዳሜ በአውቶቡስ መመለስ ነበር። ኦቦ ቶሌራ ግን «የሚነዳልን የወንድሜ ልጅ ገና መንጃ ፈቃድ አላወጣም። ነገ የሐኪሙ ቀን ነው፤ አንተ አድርሰን» አሉት። ለታመመ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? «እሺ» አለ። ኦቦ ቶሌራ ወረቀት አውጥተው አሰሉ። እስከ አምቦ አሥራ ሦስት ሊትር ይበቃል፤ ሁለት ለመጠባበቂያ። ከሰው ከሰው ለምነው፣ በእጥፍ ዋጋ፣ አሥራ አምስት ሊትር አጠራቀሙ። ጎረቤቶቻቸው እያዩ በውሃ ፕላስቲክ ቀዱት። ከአምቦ የያዝነው አልቋል፤ አጎቴ አሥራ አምስቱ ጎጆን እንደማያሳልፍ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ይጨመር ቢል ግን የሸጠውን ቁጥር ራሱ ማፍረሱ ነው።

ለእኔ «መንገድ ላይ በፕላስቲክ የሚሸጡ አሉ። ለሽንት ወረድኩ ብዬ እገዛለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። አዴ ጫልቱ ከኋላ ተኝተዋል፤ ራሳቸው እኔ ጭን ላይ ነው። ኦቦ ቶሌራ ከፊት ናቸው፤ የቀጠሮውን ካርድ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ለስንቅ የያዙት ዳቦ ግማሹን ለእኔ ቆረሱልኝ። መኪናዋ ጉድጓዱን አታሳውቅም፤ አዴ ጫልቱ አንዴም አላቃሰቱም። «እንደ ጀልባ ናት» አሉ። ጀልባ አይተው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አጎቴ በሁለት ትንንሽ ከተሞች ወርዶ ነበር። ከመጀመሪያው ባዶ እጁን ተመለሰ። ሁለተኛው ቦታ ቆየ፤ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ቤንዚን የሚሸጡት ሰዎች ትናንት ተይዘዋል፤ ያልተያዘውም ደብቋል። ኦቦ ቶሌራ «ሆድህን አመመህ እንዴ፣ ደረጄ?» አሉት። «ትንሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ወጣው። ከኋላችን የመጣ አይሱዙ ጡሩምባ ነፍቶ አለፈን።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንተፋተፍ ጀመረች። ያን ድምፅ ከአጎቴና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ጎጆ ለመድረስ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረን ነበር። ሁለቴ ተንገጫገጨች፣ ዝም አለች።

«ምን ሆነች?» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

አጎቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የተበላሸ ነገር ፈላጊ መስሎ ጎንበስ አለ። ቆየና «ቤንዚን ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«ገና ግማሽ መንገድ? እንዴት ይሆናል?»

አጎቴ ኮፈኑን ዘጋ። አላፊ መኪና አስቁሞ ጄሪካኑን ይዞ ወደ ጎጆ ሄደ። ኦቦ ቶሌራ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ካለ ብለው ከመንገዱ በታች ወደሚታዩት ቤቶች ወረዱ። ደመናው መጥቶ መንገዱን ሸፈነው። አዴ ጫልቱና እኔ ቀረን።

የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ጻፍኩት። ብርዱ በበሩ ጠርዝ ይገባል። ሰውነታቸው ግን ይነዳል፤ ጭኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በመካከሉ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። አራት ተኩል አልኳቸው። ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ። አምስት ከሩብ አልኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«አዴ፣ አሥራ አንድ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ሊትሩ። ዳገት ላይ አራት አይሞላም። ሐሙስ ለክተነዋል፤ ገጹ ተቀዷል። ትናንት ኦቦ ቶሌራ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር።»

ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ እንደተከሉ ቀሩ።

«አጎትሽ ነው?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም። ያበላኛል።»

ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ራሳቸውን ከጭኔ ያነሣሉ ብዬ ነበር። አላነሡም።

ኦቦ ቶሌራ ሞተር ብስክሌት አላገኙም። ሙቅ ወተት የያዘ ቆርቆሮ አምጥተው ለሚስታቸው በማንኪያ አጠጧቸው፤ የተረፈውን ለእኔ ሰጡኝ። ከማያውቋቸው ሰዎች ቤት ለምነው ያመጡት ነው። አልጠጣም ማለት ስላልቻልኩ ጠጣሁት።

አጎቴ የተመለሰው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አምስት ሊትር አግኝቷል። ከጎጆ በኋላ ቁልቁለት ስለሆነ ጊንጪ ደረስን። እዚያም ለምኖ ጨመረና እንደ እብድ ነዳ። መንገዱ ላይ ስላየሁት ነገር የምጽፈው የለኝም፤ የማየው ሰዓት ብቻ ነበር። ጊንጪ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ኦቦ ቶሌራ «ሐኪም ቶሎ አይወጣም፤ ሰው ይበዛበታል» አሉ። አጎቴ ነዳጁን ረገጠ።

ክሊኒኩ በር ላይ የቆመው ዘበኛ የቀጠሮውን ካርድ እንኳ አልተቀበለም። «አባቴ፣ ወጥቷል። የሚቀጥለው ወር» አለ። አጎቴ የሐኪሙን ስልክ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ኦቦ ቶሌራ የመኪናዋን ጎን ተደግፈው ቆሙ። አምቦ ቅዳሜ ከሰዓት እንደምታውቁት ነው፤ ባጃጁ፣ ሙዚቃው፣ ከፍል ውሃው ታጥቦ የሚመለሰው ሰው። አልፎ ሂያጁ ሁሉ መኪናዋን እያየ ያልፋል። ከኪሳቸው የትናንቱን ወረቀት አወጡ።

«ኢንተሎ፣ አሥራ አምስት ሊትር ነው የቀዳሁት። የሰፈር ሰው አይቷል። ያንቺን ቁጥር ሦስት ጊዜ አባዝቻለሁ፤ ልክ ነው። የት ገባ?»

አልተቆጡም። በእውነት ስላልገባቸው ነው የጠየቁኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ልናገር ፈለግሁ። ትንፋሼን ሳብኩ።

«ልጅት» አሉ አዴ ጫልቱ ከውስጥ፤ «መጀመሪያ ነይ፣ ትራሴን አስተካክዪልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ትራሱ ደህና ነበር። አንገቴን ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉኝ፤ እጃቸው ይፋጃል።

«ይህን ካወቀ ከእኔ በፊት ይሞታል» አሉኝ በጆሮዬ። «ዳገቱ በላው በይው።»